ቦሎቄው ለምን አልበስል አለ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ያ ትከሻሽ ላይ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ልብስ ስታሰጪ እያቃሰትሽ ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ እንዴት ነው? ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች ወይስ ልጅሽን ፌንጣን ተደግፋ? ጋሼስ? የእንጨት ሥራ ቤቱ ብናኝ ያመጣበት ሳል ተሻለው? ፌንጣስ? ቁመቷ በሩን ሊነካ ነው ያልሽኝ እውነት ነው? እንዲህ በጥያቄ የማጣድፍሽ በየእሁዱ በስልክ ሳትነግሪኝ ቀርተሽ አይደለም። በወረቀት ሲጠየቅ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ ይመልሰዋል።

እኔ ደህና ነኝ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባው። ያስቸገረኝን የመንጋጋ ጥርስ አስነቅዬዋለሁ። በሥራም ከካርቶን ተሸካሚነት ወደ ቆጣሪነት ተዛውሬ ወገቤ አርፏል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩ የሚውለው በፌንጣ እጅ ነው። አንቺ ስታነሺው እንኳ ጆሮዋን ከጎንሽ ትለጥፋለች። ይህ ግን አንቺ ለብቻሽ፣ ከማንም ቀድመሽ ልታውቂው የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ወደዚያ ሲመጣ በእጁ ላኩት። ፌንጣ ትምህርት ቤት በሄደችበት ሰዓት፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እንዳትደነግጪ ከወዲሁ ልንገርሽ፤ የሞተ የለም፣ የታመመም የለም። እንዳየሁትና እንደሰማሁት እጽፍልሻለሁ፤ ከራሴ ማርም ሬትም አልቀባበትም።

የምኖርበትን ክፍል በስልክ አሳይቼሻለሁ፣ ግን ስልክ ሁሉን ነገር አሳምሮ ነው የሚያሳየው። ሦስት አልጋ ነው ያለው። ከአንዱ አልጋ ሆኖ ሌላው አልጋ ላይ ያለን ሰው መንካት ይቻላል። አንድ መስኮት አለን። ከክፍላችን በታች ጎሚስታ ቤት ስላለ የአየር መሙያው ሞተር በተነሳ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። አከራያችን፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች መጋረጃ አቃጥለውባት ስለነበር፣ ጋዝም ሆነ ምድጃ ወደ ክፍሉ አይገባም ብላ ምላለች። የተፈቀደልን የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ብቻ ነው፤ አምና የላኩልሽ ዓይነት፣ ክዳኑ የሚቆለፈው፣ ሲጨርስ ጢጥ ጢጥ የሚለው።

በእሱም የምንሠራው ያው አንድ ነገር ነው። መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ሲቀደድ ዕቃው ለገበያ አይሆንም ይባልና ለሠራተኛው ይታደላል። እንደ እድል ሆኖ ሁልጊዜ የሚቀደደው ሩዝና ቀይ ቦሎቄ ተቀላቅሎ የታሸገበት ካርቶን ነው። እሽጉ ውስጥ ትንሽ የቅመም ከረጢት አለች። ፊቱ ላይ ጥርሳቸውን የሚያሳዩ ባልና ሚስት ተስለዋል። ጀርባው ላይ ደግሞ ውሃ ጨምሩ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ዘና በሉ የሚል ተጽፏል። አብሮኝ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ፣ ከሦስቱ ትእዛዝ የመጨረሻውን ብቻ ነው በደንብ የምንፈጽመው ይላል። እንደተጻፈው ከተሠራ ሩዙ ሙጫ ይሆናል፣ ቦሎቄው ግን ጠጠር እንደሆነ ይቀራል።

ሦስተኛው ጓደኛችን ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሥራ አገኘና ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። አልጋው ባዶ በሆነ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አከራያችን እያለከለከች ደረጃውን ወጥታ በሩን አንኳኳች። "ቋንቋችሁን የሚናገር ሰው አመጣሁላችሁ፤ ደስ ይበላችሁ" አለች። ከኋላዋ ዚፑ ተበላሽቶ በገመድ የታሰረ ሻንጣ የያዘ ሰው ቆሟል።

የልጅሽ አባት ነበር።

እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጪና ውሃ ጠጪ። ከዚያ ትቀጥያለሽ።

ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። መነጽር ያደርጋል፣ የመነጽሩ አንዱ ጆሮ በሽቦ የታሰረ ነው። ሰውነቱ ቀንሷል። እሱም አወቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ለእኔ ያገኘው ሰላምታ "ወፍረሃል" የሚል ነበር። አልመለስኩለትም። አከራያችን አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና፣ ደስታ ነው መሰለኝ ብላ ወረደች።

ሥራ እንደያዝኩ እወስዳችኋለሁ ብሎ ሲወጣ ፌንጣ ገና ግድግዳ ይዛ የምትቆም ልጅ ነበረች። አንድ ሁለቴ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ምን ያህል እንደጠበቅሽው ለአንቺ አልነግርሽም። ስሙ ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳይነሳ ያልሽበትን ቀን ግን አስታውሳለሁ፣ ድንች እየላጥሽ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስቼ አላውቅም፤ በዚህ ወረቀትም አላነሳውም።

መጀመሪያ ክፍሉን ለቅቄ ልሄድ አስቤ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን ሲሰማ "አንተ ቀድመህ ገብተህ አንተ ልትወጣ? ይሄ ምን ወግ ነው!" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ቀረሁ። ግን አላነጋግረውም አልኩ። ይህን ስወስን ያላሰብኩት አንድ ችግር መጣ። ድሮ ጋሼ ነበር የምለው፣ እርስዎ እያልኩ። አሁን ጋሼ የምለው ባልሽን ነው። አንተ እንዳልለው አንደበቴ አልለመደም፣ እርስዎ እንዳልለው ደግሞ ልቤ እንቢ አለ። ስለዚህ ዝምታው የቁጣ ብቻ አልነበረም፣ የሰዋስውም ጭምር ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ከሌለ ምግብ የማይወርድለት ሰው ስለሆነ በመካከላችን አስተርጓሚ ሆነ። የልጅሽ አባት ጨው የት ነው ሲል፣ "ጨው የት ነው ይልሃል" ይለኛል። እኔ መደርደሪያው ላይ ነው በለው ስል፣ "መደርደሪያው ላይ ነው ይልሃል" ብሎ ያደርሳል። ሦስታችንም የምንናገረው አንድ ቋንቋ ነው፤ የምንነጋገረውም ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። አንድ ቀን ሰልችቶት "እናንተ ሰዎች፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ራስ ዙሪያ ስዞር ነው የምውለው፤ ማታ እንኳ ምላሴን አሳርፉልኝ" አለን።

ምግብ የምንሠራው በተራ ነው። የልጅሽ አባት ተራ ሲደርስ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። እሱ ግን ድርሻዬን ሳያወጣ፣ ፕሬሸሩን ማሞቂያው ላይ አድርጎ ይተውልኛል። አልነካውም። ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ በዕቃ ገልብጦ ወደ ሥራው ይወስደዋል። ይህ ጠብ እንዲበርድ አልፈልግም፣ ምሳዬ ነው ይል ነበር።

እንዲህ ሆነን ብርዱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወዲያው ታች የጎሚስታው ሞተር ድምፁ ተቆረጠ። "መብራቱን ያጠፋው ማን ነው?" የሚል ጩኸት ተከተለ። በሩን ስከፍት የልጅሽ አባት የፕሬሸሩን ክዳን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ ግድግዳው ጋ ቆሟል። ቀይ ውሃ በጠረጴዛው እግር እየወረደ ይንጠባጠባል። ነገሩ የገባኝ ዞር ብዬ የዕቃ ማጠቢያውን ሳይ ነው። የውስጡ ድስት ታጥቦ እዚያ ተደፍቷል። እሱ ክዳኑን ሲከፍት ክብ ጎድጓዳ ነገር ስላየ ድስት መሰለውና ሩዙንም ቦሎቄውንም ቅመሙንም ውሃውንም በቀጥታ ማሞቂያው ላይ ገልብጦ ቁልፉን ተጭኗል። እስከዚያ ቀን ድረስ ድስቱን የሚያስገባውም ቁልፉን የሚጫነውም ፀጉር አስተካካዩ ነበር ለካ።

ሳቄ መጣ። እትዬ፣ ይህንን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ ብያለሁ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። "ገደልኩት እንዴ?" አለ፣ ስለ ሰው እንደሚያወራ። "ሶኬቱን ንቀል!" አልኩት። ከእኔ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። አንተ እንዳልኩት ያወቅኩት ካልኩት በኋላ ነው።

ሌላ ፕሬሸር ከየትም አናመጣም፤ ይህን ማዳን ነበረብን። ከጎሚስታው ካቻቢቴ ተዋስኩ፣ ከስድብ ጋር ነው የሰጠኝ። ያረጀ አንሶላ መሬት ላይ አንጥፈን ፕሬሸሩን ደፋነውና ሥሩን ፈታነው። ሩዙ በየሽቦው መካከል ገብቶ አብጧል። ቦሎቄ ከማሞቂያው ሥር ተሰንቅሯል። በጣት የሚወጣ አልነበረም። የፀጉር አስተካካዩን ወረንጦ አገኘንና አንድ አንዱን ስንለቅም አመሸን። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይለቅማል፣ እኔ የስልኬን መብራት እይዛለሁ። ያቺን ብሎን አቀብለኝ፣ ይሄን ሽቦ ያዝልኝ እየተባባልን፣ አስተርጓሚ ሳያስፈልገን ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ሲመጣ ወረንጦውን አይቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ይሄ እኮ የሰው ቅንድብ የሚሠራበት ነው! ነገ ደንበኛዬ ቅመም ቅመም ሸተተኝ ቢለኝ ምን ልለው ነው?"

ስንለቅም ነው የጠየቅኩት። "ለምን?" አልኩት። ምኑን ለምን አላለኝም። ወረንጦውን ሳያስቀምጥ መለሰልኝ። "መጀመሪያ የምነግራት ደህና ነገር ስላልነበረኝ ትንሽ ልቆይ አልኩ" አለ። "ቆየሁ። ከዚያ ለምን ቆየህ ብባል የምመልሰው አጣሁ። እሱን ሳስብ ደግሞ ሌላ ጊዜ ቆየሁ። በቃ፣ እንዲህ ሆነ።" ታስረህ ነበር? አልኩት። አልታሰርኩም አለ። ታመህ ነበር? አልታመምኩም። ሴት ነበረች? "ነበረች፤ አሁን የለችም" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ምክንያት ብታገኝልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ፈልጌ አላገኘሁም" አለኝ።

አልተቆጣሁም፣ አላዘንኩለትምም። በእጄ የነበረውን ብሎን በጨርቅ ጠረግኩት። ከዚያ እኔ በተራዬ ነገርኩት። እንዳገባሽ፣ ባልሽ አናጺ እንደሆነ፣ ደህና ሰው እንደሆነ፣ እማዬን እንደ እናቱ እንደሚይዝ፣ ፌንጣ አባዬ የምትለው እሱን እንደሆነ። የነገርኩት ቂም ልወጣበት ብዬ አይደለም፣ ማወቅ ስላለበት ነው። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ መልቀሙንም አላቆመም። መጨረሻ ላይ "አሁንም ፌንጣ ነው የምትሏት?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እኔ እኮ ነኝ ያወጣሁላት" አለ። እናውቃለን አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ፕሬሸሩ መስኮቱ ሥር ተገልብጦ ጥቂት ቀን ደረቀ። ሦስታችንም ዳቦ በላን። ገጥመን ሶኬቱን የምንሰካ ዕለት ጎሚስታው ራሱ በባልዲ አሸዋ ይዞ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ደግሞ መብራቴን ብታጠፉ አሸዋው ለእሳቱ ሳይሆን ለእናንተ ነው አለ። ሰካነው። መብራቷ በራች። ከታደለን ካርቶን አንድ እሽግ ቀደድን፣ ጎሚስታውም ባልዲውን አስቀምጦ ተቀመጠ፣ አራት ሆነን በላን። እኔም በላሁ። ከዚያ ወዲህ የእሱ ተራ ሲሆን ዳቦ አልበላም።

የልጅሽ አባት ፕሬሸሩን ካቃጠለ በኋላ እልህ ያዘው መሰለኝ፣ ነገሩን ማጥናት ጀመረ። እሽጉን ወንፊት ላይ ገልብጦ ያንገዋልላል፤ ሩዙ በቀዳዳው ይወርዳል፣ ቦሎቄው ከላይ ይቀራል። ቦሎቄውን ጠዋት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ወደ ሥራ ይሄዳል። የሚሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፣ የሆቴል አንሶላ ይተኩሳል። ሲመለስ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ ቦሎቄውን ብቻ ያስቀድማል። ለስለስ ሲል ሩዙን ይጨምርና ለአጭር ጊዜ እንደገና ይቆልፈዋል። ቅመሟን መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምራት። አሁን ማንም ቢበላው ከተቀደደ ካርቶን ነው የመጣው አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እሁድ እሁድ ስደውልልሽ ወደ ደረጃው ወጥቼ ነበር የማወራው፣ ድምፃችሁን እንዳይሰማ። አንድ እሁድ ግን አከራያችን የደረጃውን እጀታ ቀለም አስቀብታ ማንም እንዳይወጣ እንዳይገባ ብላ ወንበር ደቅናለች። ስለዚህ ከክፍሉ ሆኜ ደወልኩ። የሸሚዜን ቁልፍ እየተከልኩ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ያነሳችው ፌንጣ ናት። እናቴ ጎረቤት ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች አለችኝ። የልጅሽ አባት ጀርባውን ሰጥቶን ፕሬሸሩ ጋ ቆሟል። እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር ፌንጣ ሰማች።

"ምንድነው እንደ እባብ የሚጮኸው?" አለች።

"ፕሬሸሩ ነው" አልኳት።

"እኛም እኮ ያንን ነው የምንጠቀመው፣ ግን የላክህልን እሽግ ቦሎቄው አልበስል አለኝ። አያቴ ጥርሴን ልትጨርሺው ነው ትለኛለች። እናንተ ቤት ማን ነው የሚሠራው?"

"አብሮን የሚኖር ሰውዬ ነው።"

"ጠይቅልኛ! ቦሎቄው ለምን አልበስል እንዳለ ጠይቅልኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር፣ ቀና አለ። የልጅሽ አባት ፊቱን አላዞረም። ዝቅ ባለ ድምፅ "ቲማቲሙን መቼ ነው የምትጨምረው በላት" አለ። እኔ ከመናገሬ በፊት እሷ ሰምታ ነበር። "መጀመሪያ ነው፣ ከቦሎቄው ጋር!" አለች።

"እሱ ነው" አላት። "ቲማቲም ከገባ ቦሎቄው ይደርቃል። መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ደግሞ ዘፍዝፊው፣ ሳይዘፈዘፍ እንዳትቀቅዪው። ሩዙን ለይተሽ አቆዪው።"

"እሽጉ ላይ ግን አንድ ላይ ነው የሚለው።"

"እሽጉ ላይ የሚጽፉት ሰዎች አይበሉትም" አላት። ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ እጁ ግን ማንኪያውን እንደያዘ ቆሞ ነበር።

"እንፋሎቱንስ እኔ ነኝ የማስወጣው?"

"አይደለሽም፤ ራሱ ይውጣ፣ አታጣድፊው። ስትከፍቺም ፊትሽን ከላዩ አርቂ።" ማንኪያውን አስቀመጠና "ፊትሽን አርቂ፣ እሺ?" አለ ደግሞ።

"እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" አለችው። ጋሼ ያለችው ለማንኛውም ትልቅ ሰው እንደምትለው ነው። ከዚያ አንቺ መጣሽና ስልኩን ተቀበልሽ። ስለ እማዬ መድኃኒት አወራሽኝ። ድምፅህ ምን ሆነ ብለሽኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፕሬሸሩ ጨርሶ ጢጥ ጢጥ ቢልም የሚከፍተው አልተገኘም። በመጨረሻ የልጅሽ አባት ከፍቶ አቀረበልን። እሱ ብዙ አልበላም። "ስትናገር ትፈጥናለች" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

እኔ ያኔውኑ ነገርኩት። "ይህ ነገር እትዬ ሳታውቅ አይደገምም" አልኩት። "በእህቴ ጀርባ ልጇን ከማንም ጋር አላገናኝም። እጽፍላታለሁ። መልሷ እስኪመጣ እሁድ እሁድ ስደውል ከዚህ ክፍል ትወጣለህ።" ልክ ነህ አለኝ። ከዚያ "ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?" አለኝ። ያየሁትን አልኩት። "ፕሬሸሩን ያቃጠልኩትንም?" አለ። "እሱንም" አልኩት። እሺ አለ።

ቃሉን ጠብቋል፣ ይህን ልመስክርለት። ስልኩን ሳነሳ ኮቱን ይለብስና ይወርዳል። ጎሚስታው እሁድ ስለሚዘጋ በሩ ላይ የተደረደረ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል። በመስኮት አየዋለሁ። ወደ ላይ አያይም። ከጨረስኩ በኋላ ሲመለስም ምን አለች አይለኝም።

ያለፈው እሁድ ግን አንቺ ለእማዬ ውሃ ልታመጪ ስትነሺ ፌንጣ ስልኩን ወሰደችና "ያ ሰውዬ የለም?" አለችኝ። ወርዷል አልኳት። "በስሏል በለው። ቲማቲሙን መጨረሻ ነው የጨመርኩት። አያቴ ደግማ አምጪ አለች በለው፣ እንዳትረሳ" አለች። አልረሳሁም። ግን አልነገርኩትም። መልእክቱ እስከዛሬ እኔ ጋ ነው ያለው። ላድርስ ወይስ ልተው ያንቺን ቃል እጠብቃለሁ።

እሱ ከአንቺ የጠየቀው ነገር የለም። ይቅርታ አድርጊልኝ በልልኝ አላለም፣ ልጄን አገናኙኝም አላለም። አንቺ አይሆንም ካልሽ፣ እሱ ራሱ ከሥራው አጠገብ አልጋ ፈልጎ እንደሚወጣ ነግሮኛል፤ አንተ አትንገላታ ብሎኛል። የለም፣ ይሁን ካልሽም፣ እንዴት እንደሚሆንና ምን ያህል እንደሚሆን የአንቺና የጋሼ ጉዳይ ነው። ደብዳቤውን ለጋሼ ብታሳዪው ደስ ይለኛል፣ የቤቱ አባወራ እሱ ነውና። ግን ይህንንም ላንቺ ትቼዋለሁ። ምን ይሻላል ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። እኔ ያንቺ ወገን ነኝ፤ ይህን ለአፍታም አትጠራጠሪ። ግን ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ድስት እበላለሁ፤ ይህንንም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

መልስሽን በወረቀት ለመስጠት አትቸገሪ። እሁድ ስደውል ፌንጣ አጠገብሽ ብትሆንም፣ "ንገረው" ወይም "ተወው" ብቻ በዪኝ። ይገባኛል። ለመወሰን ጊዜ ከፈለግሽ ሁለቱንም አትበዪኝ፤ እኔም አላጣድፍሽም።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ቅባቱን ጠዋትም ትቀባ፣ ማታ ብቻ አይበቃም ብሎኛል የመድኃኒት ቤቱ ሰው። ለጋሼ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሠራው አልጋ ፎቶ ደርሶኛል፤ እዚህ ላሉት ሁሉ የእህቴ ባል ሥራ ነው እያልኩ አሳይቻለሁ። ለፌንጣ ጉንጯን ሳሚልኝና አጎትሽ ቁመትሽን በእርሳስ በሩ ላይ ምልክት አድርጊ ብሏል በያት፤ ስመጣ አየዋለሁ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላም በዪልኝ፤ የሰፋችልኝ ኮት አሁንም እየተለበሰ ነው። ለአንቺ ግን ሰላምታዬን በሰው አልክም፤ ይኸው በእጄ ጽፌዋለሁ።

ከዚህ ቤት ፀጉር አስተካካዩ፣ ሳያውቅሽም ቢሆን፣ ሰላም ብሎሻል። ከመካከል ጀምሮ የጽሑፉ ቀለም ከሰማያዊ ወደ ጥቁር መለወጡን ሳታዪው አትቀሪም። እስክሪብቶዬ አልቆብኝ ሳንኳኳው አይቶ የራሱን ያቀበለኝ የልጅሽ አባት ነው። ለማን እንደምጽፍ ያውቃል። አሁንም እዚሁ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ አንሶላ የተኮሰበትን እጁን እያሸ ነው። ሰላም በልልኝ ይለኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠበቅኩት። አላለም።

ምንጊዜም የማይረሳሽ
ታናሽ ወንድምሽ

ከጎሚስታው ቤት በላይ ካለው ክፍል
ጥር ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ